አሮጌ ትራክተሬ ላይ ጉልበት ልጨምር ብዬ ያበላሸሁትና በኋላ ያቀናሁት

ዳገቱ 400 ሜትር ገደማ ነው። ተሳቢውን ሙሉ ጭኜ ስወጣ ትራክተሬ በዝቅተኛው ሦስተኛ ማርሽ እያቃሰተ 4 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ይፈጅበት ነበር። ከዚያ ቀጥሎ ወዳለው ፈጣን ማርሽ፣ ወደ ከፍተኛው አንደኛ፣ ላሻግረው ካልኩ ድምፁ እየወረደ፣ እየወረደ ሄዶ መሃል ዳገት ላይ ጸጥ ይላል። ሰዓት መያዝ የጀመርኩት ከንዴት ነው፤ በኋላ ግን ከገዛሁት መሣሪያ ሁሉ የበለጠ የጠቀመኝ ያ ቁጥር ሆነ። እናንተም ኪያቤ ከማንሳታችሁ በፊት አንድ ዳገት፣ አንድ ጭነት፣ አንድ ማርሽ ምረጡና ጊዜውን ጻፉት። አለበለዚያ የሠራችሁት ሥራ ጠቅሞ እንደሆነ የሚነግራችሁ ምኞታችሁ ብቻ ነው።

ትራክተሩ ማሴ ፈርጉሰን 135 ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1964 እስከ 1975 ድረስ የተመረተው። ሞተሩ ባለ ሦስት ሲሊንደር ፐርኪንስ ናፍጣ፣ 2.5 ሊትር፣ ተርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው) የሌለው። በአዲስነቱ 45 ገደማ የፈረስ ጉልበት ነበረው። እኔ እጅ ሲገባ ከዚያ ውስጥ ስንቱ እንደቀረ እግዜር ይወቀው። ሲነሳ ደህና ይነሳል፣ ዘይት አይበላም፣ ግን ጉልበት የለውም።

እንደ ማንም ሰው መጀመሪያ የሮጥኩት ወደ ናፍጣ ፓምፑ ነው። የእኔው ሲኤቪ ዲፒኤ የሚባለው ክብ ፓምፕ ነው፤ ጎኑ ላይ በሽቦና በእርሳስ የታሸገች ትንሽ ክዳን አለችው። ከክዳኗ ሥር ከፍተኛውን የነዳጅ መጠን የሚወስን ማስተካከያ ሳህን ይገኛል። "እሷን ትንሽ ነካ ብታደርጋት ሌላ ትራክተር ይሆንልሃል" ያለኝ ሰው አልጠፋም። ማሸጊያውን ቆረጥኩ፣ ሁለቱን ቪቶች አላላሁ፣ ሳህኗን በካቻቢቴ ጫፍ ገፋ አደረግኳት። እዚያ ላይ ዐይን የማይለየው ንቅናቄ ብዙ ለውጥ ያመጣል፤ እኔ ደግሞ በዐይን የሚታይ አደረግኩት።

የመጀመሪያው ቀን አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ዳገቱን በ3 ደቂቃ ከ50 ወጣሁ። ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ግን እንደ ሬንጅ የጠቆረ ነበር፤ ከኋላ የሚመጣ ሰው መንገዱን አያይም። ጭሱን የጉልበት ምልክት አድርጌ ቆጠርኩት። በሦስተኛው ሳምንት የዘይት መለኪያውን ስስብ ዘይቱ ጨምሮ አገኘሁት። ዘይት በራሱ አይጨምርም። አሸተትኩት፦ ናፍጣ። ሳይቃጠል የቀረው ነዳጅ የሲሊንደሩን ግድግዳ እያጠበ ወደ ኮፓው፣ ከሞተሩ ሥር ወዳለው የዘይት ማጠራቀሚያ፣ ይወርድ ነበር ማለት ነው። እሱን ቸል ብዬ ሠራሁበት። ብዙም ሳይቆይ የራዲያተሩ ውሃ ይንፈቀፈቅ ጀመር፤ የቴስታታው፣ ማለትም የሞተሩ ራስ፣ ጓርኒሲዮን (መሃል ያለው ማሸጊያ) ሄዷል። ቴስታታው ሲነሳ የሁለተኛው ፒስቶን ጠርዝ አይጥ የቀረጠፈው ዳቦ መስሎ አገኘነው። በሙቀት ተበልቷል።

ይሄን የምነግራችሁ ላስፈራራችሁ አይደለም፤ ምክንያቱን ማወቅ ስለሚጠቅም ነው። የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር አየሩን የሚያንቅ በር የለውም፤ የቻለውን ያህል አየር ይስባል፣ ጉልበቱ የሚወሰነው በሚረጨው ነዳጅ መጠን ነው። ስለዚህ ነዳጅ ሲጨመር ጉልበት መጨመሩ እውነት ነው፤ ግን የሚያቃጥለው አየር እስካለ ድረስ ብቻ። አየሩ ካለቀ ትርፉ ነዳጅ ጥላሸትና ሙቀት ነው የሚሆነው። 2.5 ሊትር ሞተር በሁለት ዙር አንዴ ነው የሚሞላው፤ በደቂቃ 2250 ሲዞር ቢበዛ 2800 ሊትር ያህል አየር ይስባል። ከዚያ በላይ ከየት ይመጣል? ደጋ ላይ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ለቆላ የተለካ ፓምፕ እዚያ ከፍታ ላይ ምንም ሳይነካ እንኳን ነዳጅ ያበዛል። ከፍ ያለ ቦታ ላይ የሚሠራ ሰው ፓምፑን አሳድጎ የሚያተርፈው ጭስ ነው።

ሞተሩን ካስወረድኩ በኋላ ፓምፑን ይዤ አንድ የፓምፕና የኖዝል (ናፍጣውን ሲሊንደር ውስጥ የሚረጨው) ባለሙያ ዘንድ ሄድኩ። ሽማግሌ ናቸው። ማሸጊያው መቆረጡን አዩና ምንም አላሉም፤ ዝም ብለው መነጽራቸውን ጠረጉ።

"ሙሉ ነዳጅ ስትሰጠው ስንት ይዞራል?" አሉኝ።

"2250፣ ጋሼ።"

"ማን ነገረህ?"

"ሰዓቱ፣ የሞተሩን ዙር የሚያሳየው።"

"ሰዓቱንስ ማን መረመረው?"

መልስ አልነበረኝም። "ልጄ፣ ያለህን ሳትቆጥር ነው ብድር የወጣኸው" አሉኝና ፓምፑን ተቀበሉኝ።

ፓምፑ ታይቶ፣ ሞተሩም ተገጥሞ ሲያበቃ መጀመሪያ ያደረግኩት እሳቸው ያሉትን መቁጠር ነው። ከኋላ ያለው የፒቲኦ ዘንግ፣ ሌላ ማሽን የሚያዞረው፣ በደቂቃ 540 እንዲዞር ሞተሩ ስንት መዞር እንዳለበት ሰዓቱ ላይ ምልክት አለ። ምንም ማሽን ሳላገናኝ የዘንጉ ጫፍ ላይ በጠመኔ አንድ መስመር አሰመርኩ፤ ስልኬን ራቅ አድርጌ አቆምኩና በቀስታ በሚያሳየው ቪዲዮ ቀረጽኩ። እዚህ ላይ አደራ፦ የሚዞር ፒቲኦ አጠገብ ጃኬት፣ ነጠላ፣ የተንጠለጠለ ገመድ ይዛችሁ አትጠጉ፤ ጫፉን ከያዘ ሰውየውን ጨምሮ ነው የሚጠቀልለው። መርፌው የ540 ምልክት ላይ ቆሞ በ10 ሰከንድ ውስጥ 90 ዙር መቁጠር ነበረብኝ። 78 ቆጠርኩ። ደግሜ ቆጠርኩ፤ 78። በደቂቃ 468 ማለት ነው።

ሰዓቱ የሌላ ትራክተር ኖሯል። አንዱ ባለቤት የተበላሸውን አንስቶ ያገኘውን ተክሎበታል። በዚያ ስሌት መርፌው 2250 ሲል ሞተሩ በእውነቱ 1950 ብቻ ነበር የሚዞረው፤ ያውም ያለ ጭነት። ያለ ጭነት ሲሆን ደግሞ ከ2250 በላይ መውጣት ነበረበት፤ ጭነት ሲመጣ ጥቂት ዝቅ ስለሚል። የዲፒኤ ፓምፕ ላይ ያለችውን ትንሽ ሳህን ብታነቡ የኮዱ መጨረሻ ላይ ባለ አራት አሃዝ ቁጥር ታገኛላችሁ፤ እሱ ሞተሩ ያለ ጭነት የሚደርስበት ከፍተኛ ዙር ነው። የእኔው 2420 ይላል። እኔ 1950 ላይ ቁጭ ብዬ ነው ጉልበት አነሰኝ የምለው!

ምክንያቱን ለማግኘት አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም። የእጅ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ስቤ ኮፋኖውን ከፈትኩና ፓምፑ ላይ ያለችውን ክንድ አየሁ። ክንዷ ሄዳ የምታርፍበት ማቆሚያ ቪት አለ። በመካከላቸው አውራ ጣቴ ገባ። ከእጀታው እስከ ፓምፑ ያሉት ዘንጎች መገጣጠሚያቸው ሁሉ ተበልቶ፣ ስፒናዎቹ በሽቦ ተተክተው፣ እጀታው የሚሄደው ርቀት መንገድ ላይ ያልቃል። መገጣጠሚያዎቹን ቀየርኩ፣ የዘንጉን ርዝመት በዳዶው አስተካከልኩ፣ ክንዷ ማቆሚያውን ጠቅ አድርጋ ነካች። ማቆሚያ ቪቱን ራሱን አልነካሁትም፤ እናንተም አትንኩት። እሱ ሞተሩ ከሚችለው በላይ እንዳይዞር የተቀመጠ ነው። ባለ ጨረር የዙር መቁጠሪያ ገዝቼ የሞተሩ ዋና ዘንግ ጫፍ ላይ ያለው ክራንክ ፑሊ ላይ ስለካው 2390 አገኘሁ። ዳገቱን በዚያው በዝቅተኛው ሦስተኛ በ3 ደቂቃ ከ45 ወጣሁ። ፒስቶን ያስበላኝ ጉድ ካመጣልኝ ይሻላል፤ ያውም ያለ ጥቁር ጭስ።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ሌባ ፍለጋ ሆነ። ጉልበት ልጨምር ማለቴን ትቼ ማን እንደሚሰርቀኝ መፈለግ ጀመርኩ።

አየሩ ላይ ሁለት ሌባ አገኘሁ። ይህ ትራክተር የአየር ማጣሪያው ዘይት የሚቀመጥበት ሳህን ያለው ዓይነት ነው። ሳህኑን ሳወርደው ዘይት ሳይሆን ጭቃ ነው፤ አራት ጣት ያህል የረጋ ጥቁር ጭቃ። ከላይ ያለው የሽቦ መረብ ደግሞ በገለባና በአቧራ ተደፍኗል። መረቡን በናፍጣ ደጋግሜ አጥቤ በደንብ አንጠፍጥፌ፣ ሳህኑን እስከ ምልክቱ ድረስ ብቻ ዘይት ሞላሁ። ከምልክቱ አታሳልፉ፦ የተረፈውን ዘይት ሞተሩ ስቦ ያቃጥለዋል፤ ሲብስም ነዳጅ ብትዘጉበት እንኳን በዘይቱ እየዞረ እምቢ ሊላችሁ ይችላል። ሁለተኛው ሌባ ከማጣሪያው ወደ ሞተሩ የሚሄደው ጎማ ነው። ከውጭ ሲታይ እንከን የለውም። አንድ ሰው ነዳጅ እየሰጠልኝ ሳየው ግን ዙሩ ሲጨምር ጎማው እንደ ደረቀ ጡት ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። የውስጡ ሽፋን ተላቅቆ ቱቦውን ይደፍነው ነበር። ሞተሩ ቆሞ ቢታይ መቼም አይታወቅም።

ነዳጁ ላይ ምልክቱ ሌላ ነው። ለመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ደህና ይስብና ከዚያ እንደ ደከመው ሰው መንፏቀቅ ይጀምራል፤ ጭሱም አይጠቁርም። ጭስ ሳይኖር ጉልበት ከጠፋ ነዳጅ እየደረሰው አይደለም ማለት ነው። የጋኑን ክዳን ስከፍት 'ፍስስ' አለ፤ የክዳኑ መተንፈሻ ቀዳዳ ተደፍኖ ጋኑ ውስጥ አየር መግባት አልቻለም። በቀጭን ሽቦ ከፈትኩት። ሁለቱንም ፊልትሮዎች ቀየርኩ፣ ጋኑን አውርጄ ሥሩ ያለውን ዝቃጭ አጠብኩ። ፊልትሮ ከተቀየረ በኋላ አየሩን ለማስወጣት በነዳጅ መሳቢያዋ ፓምፕ የእጅ ማንሻ ስትጎትቱ ማንሻው ላላ ብሎ ምንም ካልሳበ አትደንግጡ፤ ፓምፗን የሚገፋው የሞተሩ ካም ተጭኗት ነው። ሞተሩን አንድ ዙር አዙሩና እንደገና ሞክሩ። እኔ ይህን ሳላውቅ አንድ ደህና ፓምፕ ቀይሬያለሁ።

ኖዝሎቹ ጋ ስደርስ መጀመሪያ የትኛው ሲሊንደር እንደሚያመልጥ ፈተሽኩ። ሞተሩ በዝግታ እየዞረ የአንዱን ኖዝል ቱቦ ዳዶ ትንሽ ላላ ስታደርጉ ድምፁ ከተደነቃቀፈ ያ ሲሊንደር ይሠራ ነበር ማለት ነው። ምንም ለውጥ ከሌለ በሽተኛው እሱ ነው። ዳዶውን በጨርቅ ሸፍኑ፣ እጃችሁን ፊት ለፊቱ አታድርጉ፤ በዚያ ግፊት የሚረጭ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል፣ ከገባም ቀጥታ ሐኪም ቤት ነው። የእኔ ሦስተኛው ሰነፍ ነበር። ኖዝሉን ሳወጣ ሥሩ ሁለት የመዳብ ሮንዴላ ተደራርቦ አገኘሁ፤ አሮጌው ሳይወጣ አዲስ የደረበ ሰው አለ። አንዲት ሮንዴላ ምን ታመጣለች እንዳትሉ። ኖዝሉ በዚያች ውፍረት ልክ ወደ ላይ ስለሚነሳ ነዳጁ ፒስቶኑ አናት ላይ ያለችው ጉድጓድ ውስጥ በትክክል አያርፍም፤ ጠርዙን ይመታና ሳይቃጠል ይቀራል። ጉድጓዱን በመብራት አይቼ፣ አሮጌውን አውጥቼ፣ አንድ አዲስ ብቻ ገጠምኩ። ሦስቱንም ኖዝል ጋሼ ዘንድ ወስጄ በግፊት አስፈተሽኳቸው፤ አንዷ መርጨት ትታ እንደ ቧንቧ ታንጠባጥብ ነበር።

የቫልቮቹ ክፍተት ቶሎ ያለቀ ሥራ ነው። በዚህ ሞተር ላይ ቀዝቅዞ ሲለካ 0.30 ሚሊ ሜትር፣ ሞቆ ሲለካ 0.25 ነው። አንደኛው የጭስ ቫልቭ ምንም ክፍተት አልነበረውም፤ ሲሞቅ ሳይዘጋ ይቀርና ግፊቱ በዚያ ያመልጣል። የፓምፑ ታይሚንግ፣ ማለትም ነዳጅ የሚረጭበት ጊዜ፣ ደግሞ ፓምፑ የሚታሰርበት ፍላንጅ ላይ ከተሰመረው መስመር ጥቂት ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር፤ መስመር ከመስመር ገጥሞ ታሰረ። መስመሩን አሳልፎ ማስቀደም ጉልበት ይጨምራል የሚሉ አሉ። ሞተሩ እንደ መዶሻ ሲመታ ስትሰሙ ራሳችሁ ትመልሱታላችሁ።

ብዙ ሰው የሚስቀው ቴርሞስታት ላይ ነው፤ ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳያልፍ የሚይዘው። የእኔው ተነቅሎ ነበር፤ ሞተሩ በጋለ ጊዜ "አያስፈልግም" ተብሎ። የጋለበት ምክንያት ግን የራዲያተሩ ክንፎች በገለባ መደፈናቸው ነበር። ራዲያተሩን ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት በውሃ አጠብኩና አዲስ ቴርሞስታት አስገባሁ። ቀዝቅዞ የሚሠራ ናፍጣ ሞተር ነዳጁን በደንብ አያቃጥልም፣ ሲሊንደሩም ቶሎ ይበላል።

ከሞተሩ ውጭ ያሉ ሌቦችም አሉ፤ እነሱን ማንም አይጠረጥርም። ግማሽ ሰዓት ያለ ፍሬን ነድታችሁ ቁሙና የኋላ ጎማዎቹን መሃል በእጃችሁ ጀርባ ዳብሱ። የእኔ ግራው ቀዝቃዛ፣ ቀኙ እጅ የማያስይዝ ትኩስ ነበር፤ ፍሬኑ ሳይለቅ ቀርቶ ቀኑን ሙሉ ፍሬን እየጎተትኩ ነው የማርሰው። ፍሪሲዮን የሚንሸራተት ከሆነ ደግሞ ሞተሩ ይጮሃል፣ ትራክተሩ አይሄድም። ሲያርስ የኋላ ጎማው ብዙ እየፈተለ ከሆነ ችግሩ ክብደትና ጎማ ነው እንጂ ሞተር አይደለም፤ በመቶ ከ10 እስከ 15 ያህል መንሸራተት ጤናማ ነው፣ ከዚያ ካለፈ ጉልበት ብትጨምሩ አፈር ትበትናላችሁ። የማረሻው ምላስ ከዶለዶመስ? አዲስ ምላስ ስገጥም አንድ ማርሽ ነው ያተረፍኩት፤ ሞተሩን ማንም ሳይነካው።

ትራክተራችሁ ናፍጣ ካልሆነ ነገሩ ትንሽ ይለያል። ጥንት በላምባ እንዲሠሩ የተሠሩ ትራክተሮች፣ እንደ አንዳንዶቹ ግራጫ ፈርጉሰን ቲኢ 20፣ ላምባው እንዳያንኳኳ ሲባል የመጨመቅ መጠናቸው ዝቅ ተደርጎ ነው የወጡት። ዛሬ በቤንዚን የሚነዳቸው ሰው የቤንዚኑን ጥቅም አያገኝም። እነሱ ላይ የቤንዚኑን ሞዴል ፒስቶን ወይም ቴስታታ መግጠም እውነተኛ ጭማሪ ነው፤ ሞተሩ ለዕድሳት ሲወርድ ብቻ ግን ያዋጣል።

ተርቦ ልግጠምበት ለምትሉ የእኔ ሐሳብ፦ አየር ስለሚጨምር ከፓምፕ ማሳደግ ይሻላል፣ ያለ ጥርጥር። ግን ለተርቦ ያልተሠራ ፒስቶን ሙቀቱን አይችልም፣ ዘይቱም እንደ ልብ አያቀዘቅዘውም። ሞተሩ ቢችል እንኳን ከኋላው ያለው ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮና የመጨረሻ ማርሽ ለ45 የፈረስ ጉልበት ነው የተሠሩት። የጨመራችሁት ጉልበት በጣም ደካማው ጥርስ ጋ ሄዶ ይወጣል።

ፓምፑን ጋሼ መፈተሻ ማሽናቸው ላይ ሰቅለው ነዳጁን የለኩት ሌላው ሁሉ ከመጠናቀቁ በፊት ነበር፤ ሥራውን ስጨርስ እንደገና ወሰድኩላቸው። የምሠራበት ከፍ ያለ ቦታ መሆኑን ያውቃሉ፤ ከመጽሐፉ መጠን ጥቂት ቀነሱት። ልቤ ክው አለ። ይህን ሁሉ ደክሜ ነዳጅ ይቀነስብኝ? "ሂድና ዳገትህን ውጣ" አሉኝ፤ ክዳኗን ዘግተው አዲስ ሽቦና እርሳስ አሰሩባት።

ያንኑ ተሳቢ፣ ያንኑ ጭነት ይዤ በከፍተኛው አንደኛ ማርሽ ገባሁ። መሃል ላይ፣ ድሮ የሚጠፋበት ቦታ ስደርስ፣ ድምፁ ትንሽ ዝቅ አለና እዚያው ላይ ጸና። ወደ ኋላ ዞሬ ጭሱን አየሁት፦ ግራጫ፣ ስስ፣ ተሳቢው ከነጭነቱ በውስጡ ይታያል። ጫፍ ላይ ሰዓቴን ሳቆመው 2 ደቂቃ ከ58 ሰከንድ ይላል።